ጥቂት ብርሃን የሚበቃቸው

ዕፅዋት ያለ ብርሃን ሊኖሩ እንደማይችሉ ለተማሪዎቻችን ዘወትር እናስተምራለን። ምን ያህል ብርሃን እንደሚበቃቸው ግን እምብዛም አንነግራቸውም። በበኩሌ ለዚህ ጥያቄ ትኩረት የሰጠሁት ከባሕር ዳር ዓባይን ተሻግሮ በወረታ መንገድ በምትገኘው በዘንዘልማ፣ ከቤቴ ጥግ፣ ፀሐይ በቀጥታ ከማይደርስበት ግድግዳ ሥር ባስቀመጥሁት አንድ የመስተዋት ገንዳ አማካይነት ነው። ከተሜው አኳሪየም ይለዋል።

በገንዳው የሚኖሩት ሁለት ዓይነት ዕፅዋት ሲሆኑ ሁለቱም በጣና ይገኛሉ። አንደኛው ሴራቶፊለም የተባለው ነው። ይህ ተክል ሥር የለውም፤ ምግቡን በቅጠሉና በግንዱ ከውኃው እየመጠጠ እንደ ቀበሮ ጅራት ተጎፍሮ ይንሳፈፋል። ሁለተኛው ቫሊስኔሪያ ሲሆን ቅጠሉ እንደ ጥብጣብ ረዥምና ቀጭን ሆኖ ከአሸዋው እስከ ውኃው ገጽ ይደርሳል። የዚህ ተክል አበባ ለሠዓሊም ለገጣሚም የሚሆን ነገር አለው። ሴቴዋ አበባ በቀጭን ዘንግ ተይዛ ወደ ውኃው ገጽ ትወጣለች፤ ወንዴዎቹ ከሥር ተበጥሰው ይንሳፈፉና ወደ እርሷ ይነዳሉ፤ ርክበ ብናኙ ከተፈጸመ በኋላ ዘንጉ እየተጠመዘዘ ፍሬዋን ይዞ ወደ ጥልቁ ይመለሳል።

እ.ኤ.አ. በ1850 ሮበርት ዋሪንግተን የተባለው የለንደን የኬሚስትሪ ሊቅ ለሙያ ጓደኞቹ ያስረዳው ሙከራም በዚሁ በቫሊስኔሪያ የተካሄደ ነበር። ሁለት ትናንሽ ወርቃማ ዓሦችን ከተክሉ ጋር በአንድ ዕቃ አኖረ። ተክሉ ለዓሦቹ ኦክስጂን ሰጠ፤ ዓሦቹ የሚያወጡትን የተቃጠለ አየርም ተክሉ ወሰደ። የረገፉት ቅጠሎች በስብሰው ውኃውን ማበላሸት በጀመሩ ጊዜ ቀንድ አውጣ ጨመረበት፤ ሚዛኑም ተስተካከለ። እኛ ዘንድ ግን የሐይቁን ቀንድ አውጣ ወደ ቤት ማስገባት አይበጅም፤ የቢልሃርዚያ ትል የሚያድግበት ዓይነት በጣና ዳርቻ ይገኛልና። ስለዚህ ተክሉን በባዶ እግር ውኃ ውስጥ ቆሞ ከመንቀል ታንኳ ላይ ሆኖ ማንሣት፣ ቅጠሉንም አንድ በአንድ መርምሮ በንጹሕ ውኃ ደጋግሞ ማጠብ ያስፈልጋል።

ብዙ ሰው ተክሉ የደከመ ሲመስለው ብርሃን አነሰው ብሎ ገንዳውን ወደ መስኮት ያስጠጋል። በእኛ አገር ፀሐይ ይህን ማድረግ ገንዳውን ለአልጌ አሳልፎ መስጠት ነው። ብርሃኑና በውኃው ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር ሲበዛ አልጌ መስተዋቱን ይለብሳል፤ ቅጠሉንም ያፍናል። ለእኔ ገንዳ በቀን ከ6 እስከ 8 ሰዓት የሚበራ ደብዛዛ አምፖል በቂ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ አንዳንድ ምሽት መብራት ቢጠፋም ተክሎቹ ግድ የላቸውም። ዓሣ ለማኖር የሚያስብ ግን ቁጥሩን ያሳንስ። ዕፅዋቱ ራሳቸው ሌሊት ኦክስጂን ይወስዳሉ፤ እንደ ጣና ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ባለው ስፍራ ደግሞ ውኃ የሚይዘው ኦክስጂን ከባሕር ጠለል ያነሰ ነው። ቀረሶም ካደገ ተክሉን ራሱን ይበላል።

በጥቂት ብርሃን መኖር መቻላቸው በጣና ሳይጠቅማቸው አልቀረም። ሐይቁ እጅግ በጠለቀበት ስፍራ 14 ሜትር ያህል ነው፤ ነፋስ ያምሰዋል፤ ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ በየክረምቱ የገበሬውን አፈር ይዘው ይገቡበታል። ውኃው በደፈረሰ ቁጥር ብርሃኑ ወደ ታች የሚወርድበት ርቀት ያጥራል። ለጥቂት የተፈጠረ ተክል ቢሆንም ከጥቂትም በታች አለ። ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ የታወቀው እምቦጭ በገጹ ላይ ምንጣፉን ሲዘረጋ ከሥሩ ላለው ፈጽሞ ጨለማ ነው። በ2010 ዓ.ም. ከየአቅጣጫው የመጣው ሕዝብ እየተረባረበ በእጁ ሲነቅል የገበሬው መስክና የአሥጋሪው መረብ ጉዳት ለሁሉም ይታይ ነበር፤ ከምንጣፉ ሥር ስለጠፋው ግን የጠየቀ አልሰማሁም። በሠዓሊዎቻችንም አልፈርድም ብል ውሸት ይሆናል። የደንገል ታንኳ፣ የምትጠልቅ ጀንበር፣ በደሴት ላይ የቆመ ገዳም፤ የማያቸው የጣና ሥዕሎች ሁሉ የገጹ ሥዕሎች ናቸው።

እምቦጭ ራሱ ከአማዞን ተፋሰስ ተነሥቶ ዓለምን ያዳረሰው በአብዛኛው ሐምራዊ አበባው ስላማረ ነው። ሰዎች ለኩሬያቸው ጌጥ ብለው ወሰዱት፤ ከኩሬው አምልጦ ወንዝ ገባ። በውጭ አገር አኳሪየም ያላቸው ሰዎች አብዝተው የሚያመሰግኗቸው፣ ከምዕራብ አፍሪካ ወንዞች ዳር የተገኘው አኑቢያስና የደቡብ ምሥራቅ እስያው የጃቫ ሽበት፣ ለደብዛዛ ቤት የተመቹና እጅግ ውብ ናቸው። አንድ ወዳጄ ሊያመጣልኝ ቢጠይቀኝ እንቢ ያልሁት ስለማላደንቃቸው አይደለም። ጣና ከበሬ የራቀ አይደለም፤ የዝናብ ጎርፍም የሰውን አጥር አያከብርም።

ውኃውን በየሳምንቱ በከፊል ስቀይር የማወጣውን በቦይ አልለቀውም፤ ከግቢዬ ሎሚ ሥር አፈስሰዋለሁ። ተከርክሞ የሚወጣውን ሴራቶፊለም ደግሞ በቆርቆሮ ላይ አሰጣዋለሁ፤ በፀሐይ እስኪሰባበር ድረስ ከደረቀ በኋላ ከፍግ ጋር ተደባልቆ ለጎመን መደብ ይውላል።