ከሸገር እስከ ድሬ፦ ኪስ ሳይጎዳ እንዴት ይደረሳል?

ድሬዳዋ ተወልዶ አዲስ አበባ የሚሠራ ሰው ሁለት ነገር አይለቀውም። አንደኛው በየንግግሩ መሐል «አቦ!» ማለት ነው። ሁለተኛው ደግሞ በየወሩ መጨረሻ ኪሱን እየዳበሰ «ቤተሰቤን መቼ ነው የማየው?» እያለ መብሰልሰል! እኔም ከእነዚሁ አንዱ ነኝ። ይህን መንገድ በአውቶቡስም፣ በባቡርም፣ በአውሮፕላንም፣ በኪራይ መኪናም ተመላልሼበታለሁ። «የቱ ይሻላል?» ብለው ለሚጠይቁኝ ወጣቶች የምመልሰውን ዛሬ ለእናንተም ላካፍላችሁ።

ዋጋውን በብር አልጽፍላችሁም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገ ወዲህ ታሪፉ ቶሎ ቶሎ ስለሚለዋወጥ፣ ዛሬ የጻፍኩት ነገ ያሳፍረኛል። የማይለዋወጠው የሒሳቡ ዘዴ ነው። ትኬቱን ብቻ አትቁጠሩ! ከቤታችሁ ደጃፍ ወጥታችሁ የእናታችሁን በር እስክታንኳኩ የምታወጡትን በሙሉ ደምሩ። ታክሲውን፣ ቁርስና ምሳውን፣ የሻንጣውን ጭነት፣ ከሥራ የምትቀሩበትን ቀን... ያኔ «ርካሽ» ያላችሁት ሲወደድ፣ «ውድ» ያላችሁት ደግሞ ያን ያህል እንዳልሆነ ታያላችሁ።

አውቶቡስ፦ የሁሉም ወዳጅ

አውቶቡስ ጎህ ሳይቀድ ይነሳል። ችግሩም እዚህ ላይ ነው። በዚያ ሰዓት የሚገኘው ታክሲ «ኮንትራት» ካልሆነ አይንቀሳቀስም። ስለዚህ ከመነሻው አጠገብ ዘመድ ወይም ጓደኛ ካላችሁ ማታውኑ እሱ ቤት እደሩ። የአንድ ሌሊት መኝታ የአንድ ኮንትራት ታክሲ ዋጋ ያተርፍላችኋል።

ምቾት ያላቸው «ልዩ» የሚባሉት አውቶቡሶች ከተራዎቹ ይወደዳሉ። ነገር ግን ወንበራችሁ የታወቀ ነው፤ በየመንገዱ እየቆሙ ሰው አይለቅሙም። በተራው አውቶቡስ ከሄዳችሁ ግን ሻንጣችሁ ጣሪያ ላይ ሳይወጣ በፊት ከረዳቱ ጋር ዋጋ ተነጋገሩ። ከወጣ በኋላ ዋጋ ቆራጩ እሱ ነው! ከመሐል ወንበር ያዙ፤ የኋላው እንደ ኳስ ያነጥራል። መስኮት ማስከፈትን በተመለከተ ምክር የለኝም። «ንፋስ ይመታናል» የሚሉ እናት ካሉ አርፋችሁ ላባችሁን ጥረጉ።

መንገዱ ግን ይክሳል፣ ወላሂ! አዳማ ድረስ በ2007 ዓ.ም. አገልግሎት በጀመረው የክፍያ መንገድ ትበራላችሁ። መተሐራ ላይ የበሰቃ ሐይቅ እየሰፋ መጥቶ አስፋልቱን ከግራና ከቀኝ ከቦት ታያላችሁ። ከአዋሽና ከሚኤሶ በኋላ መኪናው የጨርጨርን ተራራ ይያያዘዋል። አሰበ ተፈሪ ምሳ፣ ሂርና ላይ ደግሞ ጫት የሚገዛ ሁሉ ይወርዳል። ቁልቢ ላይ ብርዱ ኮት ያስፈልጋል፤ ደንገጎ ላይ የሐረሩ መንገድ ሲለይ ወደ ድሬ እየተጠማዘዛችሁ ስትወርዱ ኮቱ ይወልቃል። ሙቀቱ ሲቀበላችሁ ነው አገር መግባታችሁ የሚታወቃችሁ።

አንድ ነገር አትርሱ፦ የቁልቢ ገብርኤል ንግሥ በታኅሣሥ 19 እና በሐምሌ 19 ነው። ለንግሡ ካልሆነ በስተቀር በእነዚያ ሰሞን ትኬት ፍለጋ አትውጡ። ከተገኘም ዋጋው የዋዛ አይደለም።

ባቡር፦ የድሬ እናት

ድሬዳዋን የወለዳት ባቡር ነው። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ እዚህ ቆላ ላይ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1902 ሲሆን፣ አዲስ አበባ የገባው ደግሞ በ1917 ነው። «ለገሀር» የሚለው ስማችን ራሱ ከፈረንሳይኛ የመጣ ነው፤ «ጣቢያው» ማለት ነው። ዛሬ ያ አሮጌ ባቡር ከለገሀር አይነሳም። የኤሌክትሪኩ ባቡር በመስከረም 2009 ዓ.ም. ተመረቀ፤ መደበኛ የመንገደኛ አገልግሎት የጀመረው ደግሞ በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. ነው።

በባቡር የሚሄድ ሰው እግሩን ይዘረጋል፣ ተነስቶ ይንጎራደዳል፣ ከማያውቀው ሰው ጋር ወዳጅ ይሆናል። አልጋ ያላቸው ፉርጎዎችም አሉት፤ አንዱ ክፍል ለስድስት፣ ሌላው ለአራት ሰው ነው። ለኪስ የተሻለው ወንበሩ ነው። ተራራውን አይወጣም፣ በቆላው በኩል ነው የሚሄደው፤ ስለዚህ ለሚያስመልሰው ሰው የተባረከ ነው።

ታዲያ የደጃፉ ሒሳብ እዚህ ላይ ይመጣል። መነሻው ለቡ ከአዲስ አበባ ዳር ነው፤ የድሬው አዲሱ ጣቢያም ከከተማው ወጣ ያለ ነው። ከሁለቱም ጫፍ የታክሲ ገንዘብ ያዙ። ግመል ወይም ከብት ሐዲዱ ውስጥ ከገባ መዘግየት አለና «እደርሳለሁ» ባላችሁት ሰዓት ቀጠሮ አትያዙ። እንደ አውቶቡስ በየማለዳው የሚገኝ አይደለም፤ የሚነሳበትን ቀን አስቀድማችሁ አረጋግጡ። መታወቂያም አትርሱ።

አውሮፕላን፦ ሁልጊዜ የሀብታም አይደለም

በረራው አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ቦሌ ቀድሞ መድረሱ፣ ፍተሻውና ሰልፉ ሲደመር ግማሽ ቀን ይላል። ሆኖም አውቶቡስ ለመሄድና ለመመለስ ሁለት ሙሉ ቀን ይበላል። በቀን ሥራ የሚተዳደር ሰው የሁለት ቀን ገቢውን በአውቶቡሱ ትኬት ላይ ይደምር። ልዩነቱ ይጠባል! ደመወዝተኛ ሆናችሁ ፈቃድ ካላችሁ ግን አውቶቡሱ ያዋጣችኋል።

ትኬቱን ቀደም ብላችሁ ቁረጡ። ከውጭ አገር የመጣ ዘመድ ካላችሁ ደግሞ ወደ አገር የገባው በኢትዮጵያ አየር መንገድ ከሆነ ለአገር ውስጥ በረራው ቅናሽ እንዲጠይቅ ንገሩት። ብዙዎች ይህን ሳያውቁ ሙሉውን ይከፍላሉ።

ኪራይ መኪና፦ ለብቻ አይሆንም

እኛ አገር መኪና ሲከራዩ አብዛኛውን ጊዜ ከነሾፌሩ ነው። የቀን ኪራዩን ሰምታችሁ «እሺ» እንዳትሉ። ነዳጁ የማን ነው? የሾፌሩ አበልና መኝታስ? ድሬ አድርሶን ባዶውን ቢመለስ የሚነደው ነዳጅ በማን ይታሰባል? ይህ ሁሉ ተጽፎ ይፈረም። እኛ አምስት ሆነን ለሠርግ በሄድንበት ጊዜ ለአምስት ተካፍለን ተመጣጣኝ ሆኖልናል፤ ያውም የሙሽራውን ዕቃ ጭነን። ለሁለት ሰው ግን ቅንጦት ነው። ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ጸጥታ ከሚመላለስ ሾፌር ጠይቁ።

የሌሊቱ ሚኒባስ

አንድ መንገድ ቀርቷል፤ እሱን አልመክርም። ማታ ተነስቶ ንጋት ላይ የሚያደርሰው ሚኒባስ! ፈተናው ይገባኛል። ከሥራ አያስቀርም፣ የመኝታም አያስወጣም። ደላላው «ተኝታችሁ ትደርሳላችሁ» ይላል። እውነት ነው፣ ግን ሾፌሩም ሊተኛ ይችላል። እስከ አዋሽ ድረስ ከጅቡቲ የሚመላለሱ ተሳቢዎችና ቦቴዎች አሉ፤ አንዳንዱ ተበላሽቶ ያለ መብራት መሐል መንገድ ይቆማል። ከዚያ ወዲያ ጠመዝማዛው፣ ጫት ጭኖ የሚከንፈው አይሱዙ፣ መንገድ የሚያቋርጠው ከብት... በዚህ ላይ የሚቆጠበው ብር ቁጠባ አይባልም። ከመሞት መሰንበት!

ለጥየቃ ወይስ ለለቅሶ?

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። አንድ የሠፈሬ ልጅ አዲስ አበባ አብሮኝ ይሠራ ነበር። አባቱ ከዚራ ከዛፎቹ ሥር ወንበር አውጥተው የሚቀመጡ ሽማግሌ ነበሩ። «መቼ ነው የምትመጣው?» ባሉት ቁጥር «ትንሽ ላጠራቅምና በአውሮፕላን ከች እላለሁ» ይላቸዋል። በባዶ እጅ፣ አቧራ ለብሶ ከአውቶቡስ መውረዱን ፈርቶ ነው። ሦስት ዓመት እንዲህ አለፈ። አንድ ቀን ጠዋት ስልክ ተደወለ። ከሦስት ሰው ተበድሮ፣ በመጨረሻው ሰዓት በተገኘው ትኬት ያንኑ ቀን በረረ። የደረሰው ለቀብሩ ነው። ከለቅሶው በኋላ ያለኝን አልረሳውም፦ «ለዚህ የተበደርኩት እኮ እሱን ስንት ጊዜ ያሳየኝ ነበር።»

ሁላችንም እንደዚሁ ነን። ለቅሶ ሲሆን ብር ከየትም ይገኛል፤ ለጥየቃ ግን «የለኝም» ነው። ስጦታ፣ አዲስ ጫማ፣ «ተሳክቶለታል» የሚያሰኝ አመጣጥ እንፈልጋለን። ድሬ ላይ ደግሞ እንዲህ ያለ ወግ አይታወቅም። እኔ ከአውቶቡስ ስወርድ እናቴ የምትጠይቀኝ «በልተሃል?» ብላ ነው። በምን እንደመጣሁ ጠይቃኝ አታውቅም።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። በዓመት አንድ ጊዜ በአውሮፕላን ከመሄድ ሦስት ጊዜ በአውቶቡስ ወይም በባቡር መሄድ ይሻላል። የአንድ ደርሶ መልስ ወጪያችሁን ከደጃፍ እስከ ደጃፍ አስሉና ለአራት ወር አካፍሉት። ያቺን ደመወዝ እንደወጣ ለብቻ አስቀምጧት። አንድ ሁለት ሲኒማ፣ ጥቂት ማኪያቶ ትጎድል ይሆናል። በዓል ሳትጠብቁ፣ የበዓል ግርግርና ዋጋም ሳያገኛችሁ፣ በአዘቦት ቀን ሂዱ። ቤት ያለው ሰውም ያኔ ነው በደንብ የሚያጫውታችሁ።

መልካም መንገድ፣ አቦ!