ዐመለኛዋ ባዝራችን

በአገራችን የፈረስ ስም የክብር ስም ነበረ። ዐፄ ቴዎድሮስ «አባ ታጠቅ»፣ ዐፄ ዮሐንስ «አባ በዝብዝ»፣ ዐፄ ምኒልክ «አባ ዳኘው» ሲባሉ መጠሪያቸው የፈረሳቸው ስም መሆኑን የማያውቅ ተማሪ የለም። ዳሩ ግን እነዚያን ፈረሶች የወለዷቸው ባዝሮች ማን ማን ይባሉ እንደ ነበር የነገረን ሰው እስካሁን አላጋጠመንም። በቅሎም «አባትሽ ማን ነው?» ቢሏት «ፈረስ አጎቴ ነው» አለች ተብሎ ይተረታል፤ በአጎቷ ስትኮራ እናቷን ሳታነሣት ቀረች። ባዝራ በሰው አፍ የምትነሣው ብዙውን ጊዜ ዐመሏ የከፋ እንደ ሆነ ነው። እኛም በሰቆጣ ሳለን አንዲት ባዝራ በዐመሏ ብቻ ስናነሣ ከርመን፣ ኋላ ያፈርንበትን ነገር ለአንባቢዎቻችን ልናጫውታቸው እንወዳለን።

ሰቆጣ የዋግ ሹሞች መቀመጫ የነበረች ጥንታዊት ከተማ ናት። በ19ኛው መቶ ዘመን ከአፋር በረሃ የሚወጣው አሞሌ ጨው በአህያና በበቅሎ ተጭኖ ወደ ገበያዋ ይጎርፍ ነበርና፣ የጭነት ከብት ነገር ለዋግ ሰው ከጥንት የታወቀ ነው። በቅሎ ራሷ መካን ስለ ሆነች፣ ለእያንዳንዲቱ በቅሎ አንዲት ባዝራ ከድንጉላ አህያ ፀንሳ 11 ወር ያህል መሸከም ነበረባት። ዛሬ ምንም እንኳ መኪና ከከተማ ወደ ከተማ ቢመላለስ፣ ከአውራው መንገድ ወዲያ ያለውን ገደልና ሸንተረር የሚያሻግረው አሁንም ኮቴ ነው። የእኛ ሥራ የገጠር ትምህርት ቤቶችን እየዞሩ መጎብኘት ስለ ነበር፣ በእግር መሄዱ ቢታክተን ባዝራ ለመግዛት ቆረጥን።

የገዛናትም በ2015 ዓ.ም. በጥር ወር ነው። በ2013 ዓ.ም. የተነሣው የሰሜኑ ጦርነት ዋግ ኽምራን ክፉኛ ጎድቶ፣ በፕሪቶሪያ የሰላም ስምምነት ከተፈረመ ገና ሦስት ወር አልሞላም ነበር። ሻጩ ከቀዬው የተፈናቀለ ገበሬ ነው። ከብቱ ሁሉ በተኩስ መካከል እንደ ተበተነ፣ ከነበሩት ሦስት ፈረሶችም የተረፈችው እርሷ ብቻ መሆኗን ነገረን፤ እኛ ግን ጥርሷንና ኮቴዋን እንመለከት ነበርና ነገሩን ልብ ሳንለው ቀረን። ቀለሟ ዳማ፣ ዕድሜዋ ሰባት ዓመት ግድም፣ አረማመዷም ያማረ ነው። ገንዘቡን ቆጥረን ስንሰጠው ሰውየው አንገቷን አሻሽቶ ፊቱን አዞረ።

ሁለት ሳምንት ያህል እንደ በግ የዋህ ሆነችልን። ከዚያ በኋላ አንድ ማለዳ ኮርቻ ልንጭንባት ስንቀርብ ጆሮዋን ወደ ኋላ ለጥፋ፣ ጥርሷን አግጥጣ ጠበቀችን። ጠፍሩን ስናጠብቅ ጮኸች፤ ጭራዋን እያነሣች ሽንቷን ቶሎ ቶሎ ትረጫለች፤ በመንገድም የሌላ ፈረስ ድምፅ በሰማች ቁጥር ቆማ ታሽካካለች። አምስት ስድስት ቀን እንዲህ ካሰቃየችን በኋላ እንደ ቀድሞዋ የዋህ ሆነች። ዐመሏ ለቀቃት ብለን ደስ ሲለን ተመልሶ መጣ። ከዚህም ሌላ ድንገተኛ ድምፅ አትችልም፤ የቆርቆሮ በር በኃይል ሲዘጋ እንኳ ላብ ያጠምቃት ነበር።

መካሪ አልጠፋም። አንዱ «የሰው ዐይን ነው፤ ጠበል ያስረጩባት» አለን፤ ሁለተኛው «ልጓሟን ጠንከር ባለ ብረት ይለውጡት» አለ፤ ሦስተኛው «ይህ ጥጋብ ነው፤ መኖዋን ይቀንሱባት» ሲል መከረን። ከምክሩ ሁሉ የጣመን የመጨረሻው ነበረ፤ ወጪ ይቀንሳልና። መኖዋን ቀንሰን አለንጋ ጨመርንላት።

በግንቦት ወር ከአንድ ትምህርት ቤት ደጅ ስንደርስ በአቅራቢያው ሠርግ ነበርና ጠመንጃ ተተኮሰ። ባዝራዋ በሁለት እግሯ ቆማ ጣለችን፤ ግራ ክንዳችንም ክፉኛ ተጎዳ። ተነሥተን፣ ተማሪዎቹ ቆመው እያዩ፣ በአለንጋ መታናት። ስንት ጊዜ እንደ መታናት አናስታውስም። እርሷ ግን አልሸሸችም፤ ባለችበት ቆማ ትንቀጠቀጥ ነበር። ከልጆቹ መካከል አንዲት ትንሽ ልጅ «ጋሼ፣ ተኩሱን ፈርታ እኮ ነው» አለችን። መልስ አልሰጠናትም። በዚያ ዕለት ለመምህራኑ ልንናገር የሄድነው ተማሪን በዱላ ስለ መቅጣት ጎጂነት ነበረ።

ክንዳችን ሻል ሲለው ልንሸጣት ወደ ገበያ ይዘናት ወጣን። ቀኑን የመረጥነው የዋህ በምትሆንበት ሳምንት ነው፤ ይህንንም አውቀን ማድረጋችንን ልንሸሽግ አይገባንም። ከጋዝጊብላ ደጋ የመጡ፣ በቅሎ በማርባት የኖሩ አንድ ሽማግሌ ዞር ዞር ብለው አዩአትና ደኅና ዋጋ ሰጡን። ገንዘቡን ከመቁጠራቸው በፊት ግን «ጌታው፣ ነውር አላት?» ብለው ጠየቁን። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ስለ ሸጠው ነገር ጉድለት ኃላፊ መሆኑን ይደነግጋል፤ ሽማግሌው ግን ሕግ ሳይጠቅሱ ዐይን ዐይናችንን ያዩን ነበር። ጥቂት ዝም ብለን ቆየንና «ትራገጣለች» አልን።

«መቼ መቼ?» አሉ።

«አልፎ አልፎ።»

«አልፎ አልፎማ እኔም እራገጣለሁ» ብለው ፈገግ አሉ። «መቼ መቼ ነው? ማን ሲቀርባት? በየትኛው ጎኗ?»

አምስት ወር የተቀመጥንባትን ባዝራ በሚመለከት ለዚህ ጥያቄ መልስ አልነበረንም። «አይ ጌታው፣ ሳያውቋት ነው እንዴ የሚሸጧት?» ብለው ገንዘባቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ቋጥረው ሄዱ።

ባዝራዋን እየሳብን ወደ ቤት ስንመለስ «መቼ መቼ?» የምትለው ቃል ከጆሯችን አልወጣችም። እኛ የቀረ ተማሪና የዘገየ መምህር በቀንና በሰዓት ስንመዘግብ የኖርን ሰዎች ነን። በዚያው ምሽት አዲስ ደብተር አውጥተን ምን እንደ በላች፣ ማን እንደ ቀረባት፣ መቼ እንደ ተራገጠች በየቀኑ መጻፍ ጀመርን። ሦስት ወር ሲሞላ ከደብተሩ ያነበብነው ነገር አስደነቀን። ክፉዎቹ ቀኖች በየ21 ቀኑ ግድም ተከታትለው ይመጣሉ፤ ከእነርሱ ውጭ የምትከፋው ደግሞ ረጅም መንገድ በተጓዘች ማግሥትና ብርቱ ድምፅ በሰማች ዕለት ነው። ደብተሩን ይዘን ወደ አንድ የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ሄድን።

ሐኪሙ እንዳስረዱን፣ ባዝራ ስሪያ የምትፈልግበት ጊዜ በየ21 ቀኑ ግድም እየዞረ ይመጣል፤ ከአምስት እስከ ሰባት ቀንም ይቆያል። ይህን የሚያዝዙት ሆርሞን የተባሉት ከዕጢዎች እየመነጩ በደም የሚዘዋወሩ ቅመሞች ናቸው። ኢስትሮጅን የሚባለው ሲበረታ ባዝራዋ ድንጉላ ትሻለች፤ እንቁላሉ ከወጣ በኋላ ደግሞ ፕሮጀስትሮን የሚባለው ተተክቶ ያረጋጋታል። በአውሮፓ አገሮች የክረምቱ ቀን ማጠር ይህን ዑደት ለወራት ያቆመዋል። ሰቆጣ ግን ለምድር ወገብ ስለምትቀርብ የረጅሙና የአጭሩ ቀን ልዩነት አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ብቻ ነውና፣ ብርሃኑ እንደዚያ አይገዛትም።

ይሁን እንጂ ሐኪሙ «ሁሉን ነገር በሆርሞን አያሳብቡ» ሲሉ አስጠነቀቁን። በመጀመሪያ በእንቁላል ዕጢዋ ላይ እባጭ መኖር አለመኖሩን መረመሩ፤ እንዲህ ያለው እባጭ ባዝራን እንደ ድንጉላ ተደባዳቢ ሊያደርጋት ይችላልና። እባጭ አልነበረባትም። ቀጥለው ጀርባዋን በጣታቸው ጫን ጫን ሲያደርጉ አንድ ቦታ ላይ ወገቧን ዝቅ አድርጋ ተንቀጠቀጠች። እኛ ያላየነው ገጣባ ከፀጉሩ ሥር ጀምሮ ኖሯል። ሌላ ጊዜ ችላው የምትሄደውን ይህን ሕመም በእነዚያ ቀኖች መታገሥ ያቅታት ነበር።

ስለ መኖዋ ሲጠይቁን የሰጠነው መልስ ይበልጥ አሳፈረን። የፈረስ ጨጓራ ምግብ ቢኖርበትም ባይኖርበትም ያለ ማቋረጥ አሲድ ያመነጫል። በመስክ የተለቀቀ ፈረስ በቀን እስከ 16 ሰዓት ድረስ ሲግጥ ስለሚውል አሲዱ እምብዛም አይጎዳውም፤ ሆዱ ባዶ የዋለ እንደ ሆነ ግን ጨጓራው ይቆስላል። ጥጋቧን እናበርዳለን ብለን የከለከልናት መኖ ሕመሟን ሲያብስ ከርሟል ማለት ነው።

በመጨረሻም «የምታድረው ብቻዋን ነው?» ብለው ጠየቁን። ፈረስ የመንጋ እንስሳ ነው፤ አንዱ ሲተኛ ሌላው ቆሞ ይጠብቃል። ብቻውን የቀረና የሠጋ ፈረስ በጎኑ ጋደም ብሎ ደኅና እንቅልፍ አይተኛም። ከሦስት ፈረሶች የተረፈችው እርሷ ብቻ ናት ያለን ገበሬ ያን ጊዜ ትዝ አለን። ስንገዛት ነግሮን ነበር፤ ያልሰማነው እኛ ነን።

ከዚያ በኋላ ያደረግነው ነገር ታላቅ ጥበብ የሚጠይቅ አልነበረም። ከጎረቤታችን አንዲት ያረጀች አህያ ለምነን በአንድ ጋጥ እንዲያድሩ አደረግን። በአራተኛው ቀን ማለዳ ስንገባ ባዝራዋን በጎኗ ተኝታ አገኘናት፤ ተኝታ ስናያት ይህ የመጀመሪያችን ነበረ። ድርቆሹንና ገለባውን ጥቂት በጥቂት፣ በቀን ውስጥ ብዙ ጊዜ እንሰጣት ጀመር። ገጣባው እስኪድን ድረስ አልተቀመጥንባትም፤ ወደ ትምህርት ቤቶቹ በእግራችን ሄድን። ኮርቻውንም በጀርባዋ ልክ አስተካክለን አሠራን። ለድምፁ ደግሞ የሰፈር ልጆች ከሩቅ ሆነው የድስት ክዳን ሲመቱ እኛ ከጎኗ ቆመን ገብስ እናቀምሳታለን፤ ልጆቹም በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እየቀረቡ መጡ። በደብተሩ ምልክት ባደረግንባቸው ቀኖች ረጅም ጉዞ አንነሣም። ፈጽማ ዳነች አንልም፤ ቀኗ ሲደርስ አሁንም ጆሮዋን ትለጥፋለች። ነገር ግን «ተራገጠች» ብለን ከጻፍን አያሌ ወራት አለፉ።

በ2016 ዓ.ም. የአንድ ትምህርት ቤት የሥነ ሥርዓት መዝገብ ስንመለከት፣ አንድ የአምስተኛ ክፍል ተማሪ «ያለ ፈቃድ ከክፍል ሮጦ ይወጣል» ተብሎ ሦስት ጊዜ ተከሶ፣ ከትምህርት ቤቱ ይሰናበት የሚል ሐሳብ ቀርቦበት አገኘን። ቀድሞ ቢሆን ፈርመን እናልፍ ነበር። «መቼ መቼ ነው የሚሮጠው?» ብለን ጠየቅን። መምህሩ ጥቂት አስበው፣ «አንዱ በረዶ በቆርቆሮው ጣራ ላይ የወረደ ዕለት ነው፤ ሁለተኛው ነፋስ በሩን ያላተመው ዕለት ነው፤ ሦስተኛው . . .» አሉና ንግግራቸውን ሳይጨርሱ ዝም አሉ። ልጁ ከተፈናቃይ ቤተ ሰብ የመጣ ነበር። የመሰናበቱ ሐሳብ ቀረ፤ ልጁም ከጓደኛው ጋር በበሩ አጠገብ እንዲቀመጥና ሲጨንቀው እጁን አንሥቶ እንዲወጣ ተፈቀደለት።

ይህን ስንል ሰውን ከእንስሳ ጋር ማስተካከላችን አይደለም። ነገር ግን በቢሮም ሆነ በክፍል ውስጥ የሌላውን ጠባይ በመዝገብ ላይ የማስፈር ሥልጣን የተሰጠን ሰዎች፣ «ክፉ» ብለን ከመጻፋችን በፊት ከገጠመን ቀን፣ ከሰዓቱና ከምክንያቱ ጋር አስተያይተን መጠየቅ ይገባናል። ይህን ከገበያ ሽማግሌ መማራችን አያሳፍረንም፤ የሚያሳፍረን አስቀድማ የነገረችን ሕፃን ልጅ መኖሯ ነው።

ወደዚያች ልጅ ትምህርት ቤት በሄድን ጊዜ ፈልገን አስጠራናትና «እውነትሽን ነበረ፤ ፈርታ ነው» አልናት። ልጅቱ ባዝራዋን እያሻሸች «ስሟ ማን ነው?» ብላ ጠየቀችን። ስም እንዳላወጣንላት የተገነዘብነው ያን ጊዜ ነው። ልጅቱም ቀለሟን አይታ ስም አወጣችላት። ዛሬ ባዝራችን ዳሚት ትባላለች።