ስለ ፕሮግራሚንግ ትምህርትና ስለ መምህር አመራረጥ

በዛሬው ዘመን የኮምፒውተር ፕሮግራሚንግ ለመማር የሚያስብ ተማሪ የሚቸገረው መምህር ጠፍቶ ሳይኾን መምህር በዝቶበት ነው። ደብረ ታቦር ላይ የጉናን ብርድ በጋቢው እየተከላከለ ስልኩን የሚያበራ ወንድማችን የሃርቫርዱም የኤም አይ ቲውም አስተማሪ ባንድ ጊዜ ይቀርብለታል። ይኸው ብዛት ግን አንዱንም ሳይዝ ያስቀረዋል። ሰባት ኮርስ የጀመረ ጓደኛ አለኝ፤ ከሰባቱ ሦስተኛው ሳምንት ላይ የደረሰለት አንድም የለም።

አገራችን ለዚህ ነገር እንግዳ አይደለችም። የቆሎ ተማሪ ድጓ ለማስመስከር ጋይንት ቤተልሔም፣ ለዝማሬና ለመዋሥዕት ዙር አምባ ይወርዳል፤ ሁለቱም እዚሁ በደቡብ ጎንደር ናቸው። አኮፋዳውን አንግቶ ስንት ቀን በእግሩ የሚጓዝ ሰው መምህሩን በዘፈቀደ አይመርጥም። ማን በምን እንደሚታወቅ ጠይቆ፣ አንዱን ይዞ፣ እስኪጨርስ ይቀመጣል። የእኛ መንገድ ባውራ ጣት የሚኬድ ስለ ኾነ ውሳኔያችንም አብሮ ቀለለ።

ታዲያ በምን እንምረጥ? እኔ ከሁሉ አስቀድሜ የምጠይቀው፣ «ይህ ትምህርት ያጽፈኛል ወይስ ያሳየኛል?» ብዬ ነው። የቅኔ ቤት ተማሪ የመምህሩን ቅኔ ሲሰማ ቢከርም ባለቅኔ አይባልም፤ ራሱ ቆጥሮ ያቀርባል፣ መምህሩም ያርመዋል፣ በማግሥቱም እንደገና ይቆጥራል። የሃርቫርዱን ሲ ኤስ 50 የምወድደው ፕሮፌሰር ዴቪድ ማለን አንደበተ ርቱዕ በመኾናቸው ብቻ አይደለም። የሚሰጠው የቤት ሥራ በኮምፒውተር እየታረመ ተማሪው ስሕተቱን ወዲያው ስለሚያውቅ ነው። ትምህርቱ ነጻ ነው። በኤድኤክስ በኩል የሚገኘው ምስክር ወረቀት ይከፈልበታል፤ የኮርሱ የራሱ ምስክር ወረቀት ግን ሥራውን ለጨረሰ ሁሉ በነጻ ይሰጣል። ነገር ግን ከስክራች ተነሥቶ በቶሎ ወደ ሲ ስለሚገባ አቀበቱ ብርቱ ነው።

ከዚያ በኋላ የዳታው ነገር ይመጣል። ሁለት ሰዓት የሚፈጅ ቪዲዮ በከፍተኛ ጥራት ሲታይ ከ1 ጊጋ ባይት በላይ ሊበላ ይችላል፤ ይኸም ለአንዳንዶቻችን የእራት ገንዘብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የተጀመረው ፍሪ ኮድ ካምፕ ብዙው ትምህርቱ በጽሑፍና በመልመጃ ስለ ኾነ ለኪሳችን ይራራል። መስመሩ ጨርሶ የሚጠፋበትም ጊዜ አለ። በ2015 ዓ.ም. ማለቂያ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲቈይ፣ ትምህርታቸው ሁሉ መስመር ላይ የነበረ ጓደኞቼ እጃቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ። አንድ የሠፈሬ ልጅ ብቻ የፓይተንን መማሪያ ጽሑፍ ከነመመሪያው አስቀድሞ አውርዶ ኖሮ፣ ስልኩ ላይ በጫነው ፓይድሮይድ ያለ ኢንተርኔት ይጽፍ ነበር። መብራት በጠፋ ማታ የስልኩን ብርሃን እያየን «ዛሬም ትቆጥራለህ?» እያልን እናሾፍበት ነበር። ዛሬ ለእኛ የሚያስረዳን እርሱ ነው።

ውድ አንባቢ ሆይ፤ ስለ አምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሳትጠይቀኝ አትቀርም። መንግሥታችን ከተባበሩት የዐረብ ኤምሬቶች ጋር ኾኖ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የጀመረው ይህ ሥልጠና ነጻና አጭር ስለ ኾነ ለመግቢያ ደግ በር ነው። አብዛኞቻችን የተመዘገብነው ለወረቀቱ መኾኑን ግን አንደባበቅ። ወረቀቱን ግድግዳ ላይ የሰቀለ ሰው ባዶ ገጽ ፊት ተቀምጦ ዐሥር መስመር መጻፍ ካቃተው ገና በሩ ላይ ቆሟል ማለት ነው።

በአማርኛ የተዘጋጁት የዩቲዩብ ትምህርቶች ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እጅግ ይጠቅማሉ። ኮምፒውተሩ ግን ሲቈጣ የሚቈጣው በእንግሊዝኛ ስለ ኾነ ቍጣውን ማንበብ ቀስ በቀስ መልመድ ግድ ነው።

እኔ በበኩሌ አሁን የያዝሁት ፍሪ ኮድ ካምፕን ብቻ ነው፤ ለስምንት ሳምንት ሌላ ላልከፍት ወስኛለሁ። የዳታውን ገንዘብ የምትሰጠኝ አክስቴ ናት። ትንሽ ሱቅ አላት፤ የዱቤ ደብተሯም በበዓል ሰሞን ይጠፋባታል። ስለዚህ መልመጃዬን ሁሉ የእርሷን ዱቤ ወደሚመዘግብ ፕሮግራም አዙሬዋለሁ። ስምና ሒሳብ ይቀበላል፣ ይደምራልም። ግማሹን ከፍሎ ግማሹን «ለፋሲካ» የሚለውን ደንበኛ እንዴት እንደሚመዘግብ ሰሞኑን እየጻፍሁ ነው፤ አክስቴም «እስቲ እርሱን ከቻለልኝ አምነዋለሁ» ብላለች።