የቤታችንን ምስጢር ለሚያውቅ ባለ ሙያ ዋስ ስለ መጠየቅ

የቤት ዘበኛ የሚቀጥር ሰው አስቀድሞ «ዋስ አለህን?» ብሎ መጠየቁ በአገራችን የቈየ ልማድ ነው። በፍርድ ቤት ጽሕፈት የምንውል እኛም የዋስትና ወረቀት ስንጽፍ ዘመን ስላሳለፍን የዋስ ጥቅሙ ከእኛ የተሰወረ አይደለም። ነገር ግን ቤተ ሰብ ሁሉ ሊያስብበት የሚገባ አንድ ነገር አለ። ይኸውም፤ በደጅ ለሚቆመው ዘበኛ ዋስ የምንጠይቅ ሰዎች የማስጠንቀቂያ ደወልና ካሜራ ሊተክል እስከ እልፍኛችን የሚዘልቀውን ባለ ሙያ የአባቱን ስም እንኳ ሳንጠይቅ እናስገባዋለን።

ዘበኛው የሚያውቀው በሩን ነው። መሣሪያ ተካዩ ግን ካሜራው የማያይበትን ማዕዘን፤ ደወሉ የሚዘጋበትን የምስጢር ቍጥር፤ የገንዘቡ ሣጥን የተቀመጠበትን ክፍል ሁሉ ያውቃል። «ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቍርበት አንጥፉልኝ አለ» የተባለው እንዲህ ላለው ነገር ይስማማል።

የኒው ዚላንድ መንግሥት ይህን በማሰብ፤ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ2010 ዓ.ም. ባወጣው የግል ጥበቃ ሠራተኞችና የግል መርማሪዎች ሕግ፤ ደወልና ካሜራ የሚተክሉትንና የሚጠግኑትን «የጥበቃ ቴክኒሺያን» ብሎ ለብቻቸው መድቧቸዋል። እንዲህ ያለው ሰው ለዋጋ ከመሥራቱ አስቀድሞ ከፈቃድ ሰጪው ባለ ሥልጣን የምስክር ወረቀት መቀበል አለበት። ዕድሜው 18 ዓመት ላልሞላው አይሰጥም። ፖሊስም የአመልካቹን ጠባይ መርምሮ መቃወም ይችላል። የባለ ፈቃዶቹ መዝገብ ለሕዝብ የተገለጠ ስለ ሆነ የቤት እመቤት በሩን ሳትከፍት የሰውየውን ስም ፈልጋ ማግኘት ትችላለች። ይህ እንግዲህ መንግሥት የቆመለት ዋስ ነው ማለት ይቻላል።

ሆኖም የዚያው አገር ደንብ ትምህርትን ግዴታ ያደረገው በተለይ በዘበኞችና በሕዝብ መሰብሰቢያ ሥርዓት አስከባሪዎች ላይ ነው። ታማኝነትና ዕውቀት ግን ሁለት ነገሮች ናቸው። ታማኝ ሆኖ ሥራውን የማያውቅ ሰው ካሜራውን ከፋብሪካ በመጣበት የምስጢር ቃል ትቶት ይሄዳል። ያን ቃል የሚያውቅ ሌባ በሩቅ ተቀምጦ የልጆቻችንን መኝታ ሊመለከት ይችላል። የእንግሊዝ መንግሥት እንዲህ ያለውን ለሁሉ አንድ የሆነ የምስጢር ቃል በ2022 ዓ.ም. በወጣው ሕግ ከልክሎ፤ ሕጉ ከሚያዝያ 29 ቀን 2024 ዓ.ም. ጀምሮ ጸንቷል፤ እነዚህም ዘመናት እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ናቸው። ይሁን እንጂ ሕግ ከመውጣቱ በፊት በየቤቱ የተሰቀለውን ካሜራ የሚያርመው ባለቤቱ ብቻ ነው።

ስለዚህ ባለ ሙያ ስንጠራ ሦስት ነገር እንጠይቅ። መጀመሪያ፤ ማንነቱን የሚገልጥ ወረቀትና የሚያውቀው ዋስ። ሁለተኛ፤ ሙያውን የተማረበትን ወይም በብቃት ምዘና ያለፈበትን ምስክር። ሦስተኛ፤ ሥራው ሲፈጸም የምስጢሩን ቃልና ቍጥር እርሱ ከሄደ በኋላ በገዛ እጃችን እንለውጥ።

ብዙዎቻችን ይህን ከመጠየቅ የሚከለክለን ይሉኝታ ነው። ወዳጅ የላከውን ሰው መጠራጠር ነውር ይመስለናል። ዋስ መጠየቅ ግን ስድብ አይደለም፤ ለታማኙ ሰው ክብር ነው። ሌብነት በደረሰ ጊዜ ዋስና ወረቀት ያለው ባለ ሙያ ከከንቱ ሐሜት ይድናልና። የቤተ ሰቡም አባት ከጐረቤቱ ጋር በጥርጣሬ ከመጣላት ይጠበቃል።