ቅርሻትና ትውከት ለየቅል ናቸው

ጡት የምታጠባ እናት ወደ ምግብ ቤቴ ስትገባ ምን እንደምታዝ ገና ሳትናገር አውቀዋለሁ። «አልጫ ብቻ፣ በርበሬ የነካው ነገር እንዳይኖርበት» ትለኛለች። ምነው ስላት፣ ልጇ የጠባውን ሁሉ እየመለሰ አስቸግሯታል፤ አክስቷ ወይም አማቷ ደግሞ «በርበሬው በጡትሽ አልፎ ሆዱን እያቃጠለው ነው» ብለዋታል። አልጫውን አቀርባለሁ፤ ደንበኛ የሚበላው ያዘዘውን ነው። ግን እስቲ አስቡት፣ እናቶቻችንና አያቶቻችን በርበሬ እየበሉ አይደል እንዴ ሁላችንንም ያጠቡን? ልጁን የሚያስመልሰው በርበሬው አይደለም።

አማርኛችን ለዚህ ነገር ጥሩ ቃላት አሉት። ቅርሻት የምንለው ልጁ ጠብቶ ሲያበቃ፣ አንዳንዴም ከግሳቱ ጋር፣ ያለ ምንም ትግል በአፉ ጥግ የሚፈሰውን ወተት ነው። ትውከት ሌላ ነው፤ ሆድ ተጨምቆ በኃይል የሚወጣ ነው። በአስተርጓሚ ስንነጋገር ግን ሁለቱም «ያስመልሰዋል» ይሆኑና ነርሷ የትኛውን እንደሆነ ሳታውቅ ትቀራለች። ስለዚህ ስንት ጊዜ፣ ምን ያህል፣ ቀለሙ ምን እንደሚመስል፣ ዝም ብሎ ይፍሰስ ወይስ ይወርወር፣ ይህንን ለይታችሁ ንገሯት። በስልካችሁ ቪዲዮ ብታነሱማ የበለጠ ነው።

ቅርሻቱ የሚመጣው እንዲህ ነው። ምግብ ወደ ጨጓራ የሚወርድበት ቧንቧ ጫፍ ላይ እንደ ከረጢት አፍ የሚጠብቅና የሚላላ ጡንቻ አለ። ትልቅ ሰው ላይ እሱ ሲላላ ነው ቃር የሚይዘን። ሕፃን ላይ ግን ጡንቻው ገና አልበሰለም፤ ጨጓራው ትንሽ ነው፤ ምግቡ ፈሳሽ ነው፤ ልጁም ቀኑን ሙሉ ተጋድሞ ይውላል። ታዲያ ቢመለስ ምን ይገርማል? ሦስት ወር ካልሞላቸው ሕፃናት ግማሽ ያህሉ በቀን ቢያንስ አንድ ጊዜ ያቀርሻሉ። 4 ወር አካባቢ ይብስበታል፤ ከዚያ ልጁ መቀመጥ ሲጀምርና ጠጣር ምግብ ሲለምድ ይቀንሳል። አንድ ዓመት ሲሞላቸው ከአሥሩ ዘጠኙ ትተውታል። (አንድ ማንኪያ ወተት ጥቁር ካፖርት ላይ ሲፈስ አንድ ሊትር እንደሚመስልም አትርሱ።)

የልጄ ልጅም እንዲሁ ነበረች። ሁለት ወር ሳይሞላት ትከሻችን ላይ ያላፈሰሰችበት ቀን አልነበረም። ዘመድ ሁሉ በቪዲዮ ስልክ ያያታል፣ ሁሉም ሐኪም ነው። አማቻችን፣ የአባቷ እናት፣ ከአዲስ አበባ ሆነው «እንጥሏ ወርዶ ነው፤ ለክረምት ስትመጡ የሚቆርጥላት ሰው አለ» አሉ። የአውሮፕላን ትኬቱ ደግሞ ተቆርጧል። ልጄ ማታ ማታ ታለቅስ ጀመር፤ ባሏም በእናቱና በሚስቱ መሀል ቆሞ የሚናገረው ጠፋው።

እኔ በዚህ ነገር አልደራደርም። እንጥል ጉሮሮ ላይ ነው፤ ወተቱን የሚመልሰው ጡንቻ ደግሞ ከታች፣ ጨጓራ አፍ ላይ ነው። አንዱን ብትቆርጡት ሌላውን አይነካውም። ደም መፍሰስ፣ መመርቀዝ፣ መንጋጋ ቆልፍ ግን ይከተላል፤ አገር ቤትም ጤና ባለሙያዎች ጎጂ ልማዳዊ ድርጊት ብለው ስንት ዘመን ያስተማሩበት ነው። የወተት ጥርስ መንቀሉም ያው ነው። ሆኖም እኚያ ሴት ክፉ አይደሉም፤ የሚያውቁትን ነው በፍቅር የሚመክሩት። ሲቆጧቸው ደግሞ ሰው አይሰማም።

የቤቬሴዋ ነርስ የክብደት ሰንጠረዡን አሳየችን። የልጅቷ ክብደት መስመሩን ይዞ እየወጣ ነው፤ ዳይፐሯ በደንብ ይረጥባል፤ ከጠባች በኋላ ትስቃለች። ነርሷ «ይህቺ ጤነኛ ሆና የምታቀረሽ ልጅ ናት» አለች። ልጄ ያንን ሰንጠረዥ ፎቶ አንስታ ላከችና ደወለች። «እትዬ፣ ክብደቷን ይዩልኝ፤ በወር ስንት እንደጨመረች ይዩ» አለቻቸው። መነጽራቸውን ፈልገው፣ አገላብጠው አይተው፣ «እንዲህ ከሆነማ ጠግባ ነው እንጂ የምትመልሰው፣ ልጄን ማንም እንዳይነካብኝ!» አሉ። ክረምቱን ሄደው፣ ሳትነካ ተመለሰች።

በቤት የጠቀመን ነገር ተራ ነው። ጥቂት ጥቂት እያሉ ቶሎ ቶሎ ማጥባት፣ መሀል ላይ ማስገሳት፣ ከዚያ ሃያ ሠላሳ ደቂቃ ቀጥ አድርጎ ትከሻ ላይ መያዝ። እንደጠባች የመኪና ወንበር ላይ ማስቀመጥ አይረዳም፤ ታጥፋ ስትቀመጥ ሆዷ ይጨመቃል። ጡጦ የምትሰጡም ከሆነ «ትጨርሰው» ብላችሁ አታስጨንቁ። ወተቱ እንዲወፍር ብላችሁ ደግሞ በራሳችሁ ገንፎ ወይም ዱቄት ጡጦ ውስጥ አትጨምሩ፤ ማወፈር ካስፈለገ ለዚሁ የተሠራ ወተት አለ፣ ነርሷን ጠይቁ።

አተኛኘት ላይ ከብዙ እናቶች ጋር ተከራክሬያለሁ። «በጀርባዋ ካስተኛኋት ትታነቃለች» ይላሉ፤ ፍርሃቱ ይገባኛል። ግን በጀርባ ስትተኛ የአየር ቧንቧው ከላይ፣ የምግብ ቧንቧው ከታች ነው የሚሆነው፤ የተመለሰው ወተት ወደታች ተመልሶ ይዋጣል። በሆድ ስትተኛ ይገለበጣል። ስዊድንም ድሮ በሆድ አስተኙ ይባል ነበር፤ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በጀርባ አስተኙ ተባለ፣ በእንቅልፍ ላይ ድንገት የሚሞቱት ሕፃናት ቁጥርም በእጅጉ ወረደ። የሚያቀረሽ ልጅም በጀርባው፣ ጠፍጣፋ ፍራሽ ላይ ይተኛ። ዘቅዘቅ ያሉትን የሕፃን መኝታዎች አሜሪካ በ2022 በሕግ ከልክላቸዋለች።

አንዳንድ ልጆች ግን ከቅርሻት ያለፈ ነገር አለባቸው። እየጠቡ ይንፈራገጣሉ፣ ጡት ይገፋሉ፣ ቆዳቸው ይሻክራል፣ ሰገራቸው ላይ ደም ይታያል፣ ክብደት አይጨምሩም። ይህ አንዳንዴ የላም ወተት ፕሮቲን አለመስማማት ነው፤ ሐኪሙም እናትየዋን ለሁለት ወይም ለአራት ሳምንት ወተት ነክ ነገር ተይ ሊላት ይችላል። እዚህ ላይ ሙያዬ ነውና ልናገር። ወተት ማለት ወተት ብቻ አይደለም፤ አይብ አለ፣ እርጎ አለ፣ ክትፎው ላይ የሚፈሰው ቅቤ አለ። ንጥር ቅቤም ቢሆን የወተት ፕሮቲን ቅሪት አያጣም። እኛ ግን ለዚህ የተዘጋጀ ምግብ አለን፤ የጾም በያይነቱ! ሽሮው በዘይት፣ ምስሩ፣ ጎመኑ፣ ሱፍ ፍትፍቱ። አንዲት እናት ለስዊድናዊቷ ዲየቲስት ይህን ስትነግራት ሴትዮዋ በጣም ተደነቀች አሉ። ጊዜው ሲያልቅ ወተቱ ተመልሶ ይሞከራል፤ ለውጥ ከሌለ በከንቱ አትራቡ። ያለ ሐኪም ምክር ግን አትጀምሩት።

መድኃኒትን በተመለከተ፣ እንደ ኦሜፕራዞል ያሉት አሲዱን ይቀንሳሉ እንጂ ወተቱ እንዳይመለስ አያደርጉም። ለጤነኛ አቅራሽ ልጅ አይታዘዙም፤ አሲዱ ራሱ ጀርም ይከላከላልና ሲጠፋ ልጁ ለኢንፌክሽን ይጋለጣል። የምግብ ቧንቧው ተጎድቶ የሚሠቃይ ልጅ ካለ ሐኪም አይቶ ያዝዛል። የእናንተን የጨጓራ ኪኒን ከፍላችሁ መስጠት የለም። በሻንጣ የሚመጣው ግራይፕ ዋተርም ቢሆን ቅርሻትን አያቆምም፤ የድሮው አልኮል ሁሉ ነበረበት። የአብሽ ውኃ፣ ጤና አዳም፣ ለሕፃን የሚዋጥ ቅቤ ይቅርባቸው። ማርማ ዓመት ሳይሞላው በፍጹም፤ አደገኛ መርዝ የሚፈጥር ጀርም ሊኖርበት ይችላል።

የምፈራው ሁሉም ነገር «ቅርሻት ነው» ተብሎ እንዳይታለፍ ነው። አንድ ደንበኛችን የበኩር ልጁ አምስት ሳምንት ሲሆነው በጠባ ቁጥር ወተቱ እንደ ቧንቧ ውኃ ይወረወር ጀመር። ወዲያው ይርበዋል፣ እንደገና ይጠባል፣ እንደገና ይወረወራል። ዳይፐሩ መድረቅ ጀመረ። አባትየው አላመነታም፣ ሌሊቱን ድንገተኛ ክፍል ወሰደው። የጨጓራው መውጫ ጡንቻ ወፍሮ ዘግቶ ነበር፤ ከሁለተኛው እስከ ስምንተኛው ሳምንት ገደማ፣ በተለይ ወንዶች ላይ የሚታይ ነው። ትንሽ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፣ በጥቂት ቀን ቤቱ ገባ። ዛሬ ምግብ ቤቴ ውስጥ ወንበር የሚገለብጥ እሱ ነው።

ትውከቱ አረንጓዴ ከሆነ፣ ደም ካለበት፣ ልጁ ከፈዘዘ ወይም ከዛለ፣ ሽንቱ ከቀነሰ፣ ርግቡ ካበጠ፣ ሦስት ወር ሳይሞላው ትኩሳቱ 38 ከደረሰ ነገን አትጠብቁ። 1177 ሌት ተቀን ይመልሳል፤ ከባድ ከሆነ 112። የሕፃናት ድንገተኛ ክፍል በአስትሪድ ሊንድግሬን ሆስፒታል፣ ሶልናም ሁዲንጌም አለ፤ ሶደርሹክሁሴት ግቢ ውስጥ ደግሞ ሳክስካ አለ።

ለቀረው ልጅ ሁሉ የሚያስፈልገው የሚይዘው ሰው ነው። አገር ቤት አራስ ቤት እጅ ሞልቶ ነበር፤ አያት ትይዛለች፣ ጎረቤት ትይዛለች። እዚህ እናት ብቻዋን አራተኛ ፎቅ ላይ ናት፤ ሠላሳ ደቂቃ ቀጥ አድርጎ መያዝ በቀን ስምንት ጊዜ ሲሆን አራት ሰዓት ነው፣ አስሉት። ከጁላይ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ግን አንድ ወላጅ ከወላጅነት ፈቃዱ እስከ 45 ቀን ድረስ ለሌላ ሰው ማስተላለፍ ይችላል፤ አያትም ብትሆን፣ እዚሁ በዋስትናው ውስጥ እስካለች ድረስ። ፎርሴክሪንግስካሳን ነው የሚያስተናግደው። ልጄ አሥር ቀን ሰጠችኝ። እሷ ተኛች፣ እኔ ነጠላዬን ትከሻዬ ላይ አጥፌ ልጅቷን ይዤ መስኮት ለመስኮት ዞርኩ።