ሁለት መዝገብ በአንድ ሳጥን

ኮሜርስ ስማር ደረሰኝ በካርቦን ይቆረጥ ነበር፤ ዋናው ለደንበኛ፣ ቅጂው ለሱቁ። ቅጂ የሚጠቅመው ከዋናው ተለይቶ ሲቀመጥ እንደሆነ ያኔ ተምሬያለሁ። ከሃያ ዓመት በኋላ ግን ረሳሁት።

ሞያሌ ላይ ጨርቅ እሸጣለሁ። ዱቤዬ ከወዲያ በሽልንግ፣ ከወዲህ በብር ነው። የእህቴ ልጅ ዱቤውን በፖስትግሬስ ዳታቤዝ አስገባልኝና አንድ ቀን «አክስቴ፣ አሁን ተጠባባቂም አለሽ» አለኝ። በዚያው ኮምፒውተር ላይ ሁለት ሰርቨር አስነሥቷል። እያንዳንዱ የራሱ ፎልደርና የራሱ ፖርት አለው፤ ዋናው 5432፣ ተጠባባቂው 5433። በዋናው የጻፍኩት ወዲያው በተጠባባቂው ይታያል። ዋናው ቢቆም ተጠባባቂው ይተካዋል። ደስ ብሎኝ የወረቀቱን መዝገብ ተውኩት።

አንድ ማታ መብራት ሄዶ ሲመለስ በኃይል መጣ። ጠዋት ኮምፒውተሩ አልነሣ አለ፤ ዲስኩ ተቃጥሏል። ዋናውም ተጠባባቂውም አብረው ሄዱ።

ከደንበኛ ደንበኛ እየዞርኩ «ስንት ነበረብህ?» ማለት ጀመርኩ። ብዙዎቹ እውነቱን ነገሩኝ፤ ዝም ያሉም አሉ። ከገንዘቡ ይልቅ ያመመኝ ግን አንዲት እናት ናቸው። «ልጄ፣ ባለፈው ሳምንት ከፈልኩሽ እኮ» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። አንገቴን ደፍቼ ይቅርታ ጠየቅኋቸው።

በልጁ አልፈርድም። ሁለት ሰርቨር በአንድ ማሽን ላይ ማስኬድ ለመማር፣ ዋናው ሲቆም እንዴት እንደሚተካ ለመለማመድ ጥሩ ነው። ነገር ግን ዲስኩ አንድ፣ መብራቱ አንድ፣ ሌባ ቢገባም የሚወስደው ሳጥን አንድ ነው። ሌላም አለ፤ በስህተት አንድ ደንበኛ ብሰርዝ ስረዛው በሰከንዶች ውስጥ ወደ ተጠባባቂውም ያልፋል።

አሁን ተጠባባቂው ናይሮቢ እህቴ ቤት ባለ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ነው። ማታ ማታ ደግሞ ሙሉ ቅጂ በፍላሽ ወደ ቤት እወስዳለሁ፤ የየቀኑን ለየብቻ አስቀምጣለሁ፣ በአሮጌው ላይ አልደርብም። በወር አንዴ ቅጂውን በሌላ ኮምፒውተር ከፍቼ የዱቤውን ድምር ከዋናው ጋር አመሳክራለሁ። ተከፍቶ ያልታየ ቅጂ አላምንም።

እናንተም ዛሬ ሱቅ ስትዘጉ ሳጥኑን አይታችሁ ራሳችሁን ጠይቁ፦ ነገ ጠዋት ይህ ባይኖር፣ ማን ስንት እንዳለበት፣ ማንስ እንደከፈለኝ ከየት አገኛለሁ?