ጋብቻ ሲፈታ ጠቡም ይፈታ ዘንድ

አፋችንን የፈታንበት ቋንቋ ትግርኛ ነው። አማርኛን የተማርነው በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሲሆን፥ መምህራችን «አንድን ቃል ከነዘመዶቹ ካላወቃችሁት አላወቃችሁትም» ይሉን ነበር። ባለ ብዙ ዘመድ ከሆኑት ቃላት አንዱ «ፈታ» የሚለው ነው። ቋጠሮ ይፈታል፤ እስረኛ ይፈታል፤ ሕልም ይፈታል፤ ሕፃን አፉን ይፈታል። ጋብቻ ሲፈርስ ፍች ይባላል፤ ዳኛ የሚሰጠውም ፍትሕ ከዚሁ፥ ከግእዙ «ፈትሐ»፥ የወጣ ነው። በትግርኛማ ዝምድናቸው የቀረበ ስለ ሆነ ፍችን «ፍትሕ»፥ የዳኛን ሥራ «ፍትሒ» እንላለን። ይህን በልጅነታችን እንደ ሰዋስው ተማርነው እንጂ፥ አንድ ቀን በፍርድ ቤት ደጅ ቆመን እናስበዋለን ብለን አልገመትንም ነበር።

እኛና የቀድሞ ባለቤታችን የተለያየነው በአዲስ አበባ ነው። የሰባት ዓመት ልጅ ነበረችን። ስለ ፍቹ ምክንያት ለመጻፍ ብዕራችንን አላነሣንም፤ ጥፋቱ በአንድ ወገን ብቻ እንዳልነበረ መናገር ይበቃል። ለአንባቢ ልንገልጽ የወደድነው፥ ጋብቻው ሲያልቅ ጠቡ እንዴት እንደ ተረፈ፥ በዚያም ጊዜ ምን ዓይነት እርዳታ እንዳገኘን ነው።

በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ፍችን የሚወስኑት የቤተ ዘመድ የሽምግልና ዳኞች ነበሩ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ፥ አዋጅ ቁጥር 213፥ ይህን ሥልጣን ለፍርድ ቤት ብቻ ሰጠ። ይህ አዋጅ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራበት ሲሆን፥ ብዙዎቹ ክልሎች የየራሳቸውን የቤተ ሰብ ሕግ አውጥተዋል። አዋጁ ግን ሽምግልናን ጨርሶ አልተወም። አንደኛው ወገን የፍች አቤቱታ ሲያቀርብ ፍርድ ቤቱ ባልና ሚስቱ ሐሳባቸውን እንዲለውጡ ያነጋግራቸዋል፤ ራሳቸው በመረጧቸው ሽማግሌዎች እንዲታረቁም ሊያደርግ ይችላል፤ ይህም ካልሆነ ከ3 ወር የማይበልጥ የማሰላሰያ ጊዜ ሊሰጣቸው ይችላል። እስከዚያውም ልጆች ከማን ጋር እንደሚቀመጡና ቀለባቸው እንዴት እንደሚሰጥ ወዲያው ትእዛዝ ይሰጣል።

የእኛም ሽማግሌዎች ብዙ ተመላለሱ። ደጋግ ሰዎች ነበሩ፤ ነገር ግን ሥራቸው እኛን ወደ አንድ ቤት መመለስ ስለ ነበር፥ አለመመለሳችን በታወቀ ጊዜ ነጠላቸውን አጣፍተው ሄዱ። ሽማግሌ ማስታረቅን ያውቃል፤ ሰዎችን በደኅና ማለያየትን ግን ማን አስተማረው? ልጂቱንም ምን እንደሚሰማት የጠየቃት አልነበረም።

በጊዜያዊው ትእዛዝ ልጃችን ከእናቷ ጋር ሆና ቅዳሜና እሑድ ወደ እኛ ትመጣ ነበር። እኛም፥ ለመናገር ያሳፍራል፥ ምሳዋን ሳናቀርብ ጥያቄ እናቀርብላት ነበር። ማን መጣ? እናትሽ ምን አለች? ይህንንስ ማን ገዛልሽ?

ጠቡ እየጠና ስለ ሄደ ዳኛው የፍርድ ቤቱ የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ ልጂቱን ለብቻዋ እንዲያነጋግሯትና ሁለቱንም ቤት እንዲያዩ አዘዙ። እኛ እንደ ስለላ ቈጥረነው ተቈጣን። የሆነ ሆኖ ቤቱን አሳጠብን፤ አዲስ አልጋም ገዛን። ባለሙያዋ መጥተው አልጋውን በቅጡ እንኳ ሳያዩ ተቀመጡና፥

«ጌታዬ፥ ልጅዎ ወደዚህ ስትመጣ ከሱቁ ጥግ ቆማ ጫማዋን የምትለውጠው ለምን ይመስልዎታል?» አሉን።

እንደምትለውጥ አናውቅም ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው፤ እናቷ አዲስ ጫማ ገዝተውላት በመጣች ቀን እኛ «በማን ገንዘብ?» ብለን ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ አሮጌውን በቦርሳዋ ይዛ፥ በራችን ሳትደርስ ትለውጥ ኖሯል። በእናቷም ቤት ስለ እኛ አንዳች አትናገርም ነበር።

ከዚያ በኋላ በባለሙያዋ አማካይነት ጥቂት ነገር ተስማማን፤ ዳኛውም አጸደቁት። እኛና እናቷ በር ላይ እንዳንገናኝ ዓርብ ከትምህርት ቤት እንወስዳታለን፤ መልእክት በልጅ አፍ አንልክም፤ ልብሷና መጽሐፏ የእርሷ ስለ ሆነ ከእርሷ ጋር ይሄዳል። እኛና እናቷ እስከ ዛሬ ከሰላምታ አላለፍንም። ልጂቱ ግን በለበሰችው ጫማ በበራችን ትገባለች።

የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ልጆችን በሚመለከት ሁሉ የልጁ ደኅንነት እንዲቀድም ያዛል። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 1234ም ለፍርድ ቤት መር አስማሚነት ቦታ ሰጥቷል። ሕጉ መንገዱን ከፍቷል። ነገር ግን እርዳታው የሚጠቅመው ልጁ መደበቅን ሳይለምድ ነው፤ እኛ ዘግይተን ስላገኘነው ልጃችን ስምንት ወር ሙሉ ጫማ ለወጠች።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፥ አብሮህ የሚሠራ ሰው ለፍች ክርክር ፈቃድ ቢጠይቅህ፥ «ማን ይረታል?» ብለህ አትጠይቀው። «ልጁን ያነጋገረው ሰው አለን?» ብለህ ጠይቀው፤ ከሌለም ዳኛውን እንዲለምን ምከረው። የፍርዱ ወረቀት ጋብቻችንን በአንድ ቀን ፈታው። ጠቡን መፍታት ግን ሌላ ሥራ ነበር፤ ያለ ረዳትም አንችለውም ነበር።